ሶላር በእኛ ሰፈር «ድጋፍ» የተባለው እንዴት ነው

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ሰላም ከደብረ ብርሃን መጥታ እኛ ቤት ሰንብታ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ዝናቡ አባርቶ፣ ከእንጦጦ በኩል ጉሙ እየተገፈፈ፣ የቆርቆሮው ጣራ ሁሉ እንፋሎት ሲያወጣ፣ እኔና እሷ በር ላይ ተቀምጠን ከማታ የተረፈ የተጠበሰ በቆሎ እየፈለፈልን እንበላለን። መብራት እንደ ልማዷ ሄዳለች። በዚህ መሃል ጎረቤታችን እትዬ ጽጌ ከግቢያቸው ሆነው ልጃቸውን ሲጣሩ መንደሩ ተናጋ።

«አንቺ! ፀሐይ ወጥታለች እኮ! ውጪና ድጋፉን ጥረጊልኝ፣ ቅጠል በቅጠል ሆኗል!»

ሰላም በቆሎዋን አፏ አጠገብ እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች። «ድጋፉን? ምኑን ነው የምትጠርገው?»

የእትዬ ጽጌ ልጅ መሰላል ላይ ወጥታ ጣራው ላይ ያለችውን ጥቁር ሰማያዊ ሰሌዳ በእርጥብ ጨርቅ ማበስ ጀምራ ነበር። «ያቻትልሽ፣ ድጋፍ እሷ ናት» አልኳት።

«ሶላር አይደለም እንዴ?»

«ሌላ ሰፈር ሶላር ነው። እኛ ሰፈር ድጋፍ ነው» አልኩና ሳቄ መጣ። ሳቄ ከመጣ ደግሞ በቃ፣ አያቆምም። በቆሎው ትን ብሎኝ ሰላም ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። ይህን ስም ለሰፈሩ ያወጣሁት እኔ ነኝ። እ... ማለቴ፣ ላውጣ ብዬ አይደለም ያወጣሁት።

ነገሩ የሆነው ዘጠነኛ ክፍልን በጨረስኩበት ክረምት ነው። ቤታችን ከሽሮ ሜዳ ገበያ ጀርባ፣ ዳገቱን ትንሽ ወጣ ብሎ ይገኛል። ከፊት ለፊት፣ ከአስፋልቱ በኩል የሚያየን ሰው የሚያየው ነጠላውንና ጋቢውን፣ የሀበሻ ቀሚሱን፣ በየሱቁ በር ላይ ተሰቅሎ ነፋስ ሲያወዛውዘው ነው። ያ ሁሉ ነጭ ጨርቅ የሚሠራው ግን እኛ ባለንበት በጀርባው በኩል፣ በጠባቡ የኮብልስቶን መንገድ ግራና ቀኝ፣ መስኮታቸው የዳቦ ቅርጫት የማታክል ጨለም ያሉ ክፍሎች ውስጥ ነው።

ከነዚህ ክፍሎች አንዱ የጋሽ አንጁሎ ነው። ጋሽ አንጁሎ በልጅነታቸው ከጨንቻ መጥተው እዚሁ ያረጁ ሸማኔ ናቸው። የእኛንና የእሳቸውን ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ሲሆን ሁለቱም የቀበሌ ቤቶች ናቸው። ሕፃን ሆኜ እንቅልፍ የሚወስደኝ በእሳቸው መወርወሪያ ድምፅ ነበር ትላለች እናቴ፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ድምፁ ሲቋረጥ እነቃ ነበር አሉ።

ሸማኔ የሚሠራው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከቶ ነው። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ሥራውን ይዞ ብርሃን ወዳለበት ልሂድ ቢል አይችልም፤ ጉድጓድ ተሸክሞ የሚሄድ የለም። ነጭ ክር በነጭ ክር ላይ ደግሞ በሻማ አይታይም። ጋሽ አንጁሎ መብራት በጠፋ ቁጥር እጃቸውን አጣምረው ሲቀመጡ ያየው ልጃቸው ከመርካቶ አንዲት ትንሽ ሶላር አምጥቶ ጣራቸው ላይ በሽቦ ጠፍሮ አሰረላቸው። ውስጥ ሁለት አምፖል አበራች። ከዚያ ቀን ወዲያ መብራት ሲጠፋ እኔም መጽሐፌን ታቅፌ እሳቸው ጋ መሮጥ ሆነ ሥራዬ። በርጩማ ይሰጡኛል፣ ቆሎ ይዘግኑልኛል፣ እሳቸው ይሸምናሉ፣ እኔ አነባለሁ ወይም የሆነ ነገር እጽፋለሁ።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚያስቅሽ? ጮክ ብለሽ አንብቢው እንጂ» ይሉኛል። «ሥራ የያዘው እጄ ነው፣ ጆሮዬ ሥራ ፈት ነው።»

የጻፍኩትን ጮክ ብዬ ለሰው ማንበብ የጀመርኩት እዚያ ነው። የማይጥማቸው ቦታ ላይ ስደርስ መወርወሪያው ቀጥ ይላል። እኔም ያን ጊዜ አንዱን ቃል እሰርዛለሁ።

ነሐሴ ገባ። ለእንቁጣጣሽ የታዘዘው ሸማ በየሰዉ ስም ክፍላቸው ውስጥ ተደርድሯል። መብራቱ ደግሞ በዚያው ወር ይበልጥ ባሰበት። አንድ ቀን ረፋድ ላይ እኔ ክር እያጠነጠንኩላቸው አንድ ወጣት ደንብ አስከባሪ በሩን አንኳኳ። ዩኒፎርሙ በዝናብ ርሷል፣ ጫማው ጭቃ ለብሷል።

«ጋሽዬ፣ ይሄን ማን ፈቀደልዎት?» አለ ወደ ጣራው እያሳየ።

«ፀሐይዋን ነው ሰሌዳዋን?»

ልጁ ሊስቅ ምንም አልቀረው፤ ግን ሳቁን ዋጥ አደረገ። «የቀበሌ ቤት ጣራ የመንግሥት ነው። ያለ ፈቃድ ምንም አይተከልበትም። በዓሉ ሳይደርስ ያውርዷት፤ ካላወረዷት እኔ ነኝ የምጠየቀው።»

ጋሽ አንጁሎ እጃቸውን ከሸማው ላይ አነሱ። ልጁ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ዞር አለ። «ስለ ሶላር አዲስ ደንብ ሊወጣ ነው ይላሉ። ቅዳሜ ጠዋት ረቂቁ ወረዳ አዳራሽ ለውይይት ይቀርባል። ሰው ከመጣና ከተናገረ እንግዲህ... እኔም እገላገላለሁ።»

ለፎዚያ ነገርኳት። ፎዚያ የክፍል ጓደኛዬ ናት፤ ቤቷ ከእኛ ከፍ ብሎ ነው፤ አፏ ጤፍ ይቆላል። ወዲያው ረቂቁን ከወንድሟ ስልክ፣ ከቴሌግራም ላይ አወጣችውና ደጃፋችን ተቀምጠን አነበብነው። ደስ ይል ነበር! ጣራ ላይ ትንሽ ሶላር ለመትከል የግንባታ ፈቃድ አያስፈልግም ይላል፣ የተረፈውን ኃይል ወደ መስመሩ መመለስ ይቻላል ይላል። እኔ እልል ልል ስል ፎዚያ ጣቷን አንድ ቃል ላይ አሳረፈች።

«እዚህ ጋ "ማንኛውም የቤት ባለቤት" ነው የሚለው። ጋሽ አንጁሎ ባለቤት ናቸው?»

«ዕድሜያቸውን ሙሉ ኖረውበታል!»

«ኖረውበታላ! መኖርና ባለቤት መሆን አንድ ነው እንዴ? አንቺም አይደለሽም። እዚህ መደዳ ባለቤት ያለው ውሻው ብቻ ነው።»

እውነቷን ነው። «የቤት ባለቤት» የሚለው ወጥቶ «ነዋሪ» የሚል ካልገባ፣ ደንቡ ቢወጣም የጋሽ አንጁሎ ሰሌዳ መውረዷ ነው። ለውይይቱ የቀረን ጊዜ ደግሞ ጥቂት ነው። እናቴ ስለ ወረዳ ስብሰባ ስትናገር «ወንበሩ ነው የሚሰበሰበው» ትላለች፤ ሰው አይመጣም። ስለዚህ ሰው ማምጣት ነበረብን። የፓስታ ካርቶን ቀድጄ በጀርባው በቀይ ማርከር፣ ባለኝ ምርጥ የእጅ ጽሑፍ፣ ጻፍኩ፦ «ለፀሐይ ኃይል ደንብ ድጋፍ እናሰባስባለን»። ዓረፍተ ነገሩ በጣም ያማረ መስሎኝ ነበር።

ኮንጎ ጫማችንን አድርገን በዝናብ ወጣን። የመጀመሪያውን በር አንኳኩተን «ድጋፍ እያሰባሰብን ነው» ስንል ሴትየዋ ጃንጥላችንንም ካርቶናችንንም አየት አድርገው፣ «እግዜር ይስጥልኝ የኔ ልጆች፣ ዛሬ አልሞላልኝም» ብለው ዘጉት። በሁለተኛው ቤት ግማሽ ዳቦ ሰጡን። ሦስተኛው ቤት ያሉት አዛውንት «ለየትኛው ቤተ ክርስቲያን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«አባባ፣ ሂጃቤን እያዩ?» አለች ፎዚያ።

ዳቦውን ተካፍለን በላነው፤ ምን እናድርግ። ከዚያ አንዲት ሸራ ሥር ተጠልለን እርጥብ እየበላን (ድንቹ ትኩስ፣ ሚጥሚጣው ዓይን የሚያስለቅስ) ነገሩን መረመርነው። ፎዚያ በሽታውን አገኘሁት አለች። «"ማሰባሰብ" የሚለው ነው ያጠፋን። የምንሰበስብ ስንመስላቸው ይሸሻሉ። እሱን አውጪው። ድጋፍ ብቻ በይ። አጭር፣ ግልጽ።»

ከሰዓት በኋላ «ቅዳሜ ወረዳ አዳራሽ የሶላር ድጋፍ አለ፣ እንዳትቀሩ!» እያልን ዞርን። ምን ልበላችሁ፣ ሰፈሩ ሌላ ሰፈር ሆነ! ፊታቸው ይበራል፣ ግቡ ይላሉ፣ ከዝናቡ ተጠለሉ ይላሉ።

«ለሁሉም ነው?» ይላሉ።

«ለሁሉም ነው!» እንላለን።

«የቀበሌ መታወቂያ ይዘን እንምጣ?»

«ቢይዙት ጥሩ ነው!»

ከጳውሎስ የሚመጣ ታክሲ ውስጥ ሁለት ሴትዮዎች ስለ ቅዳሜው ሲያወሩ ሰማሁ ብላ እናቴ ራሷ ተገርማ ነገረችን። ከሸጎሌ ገበያ በጉን ሸጦ የሚመለስ ሰውዬ መንገድ ላይ አስቁሞ «እኛ የሌላ ወረዳ ነን፣ ይመለከተናል?» ብሎ ጠየቀን። እኔና ፎዚያ የመናገር ችሎታችን በአንድ ቀን እንዲህ መሻሻሉ ለራሳችንም ገረመን።

ቅዳሜ ደረሰ። ጋሽ አንጁሎ ፂማቸውን ተላጭተው፣ ለክት የሚለብሷትን ቡኒ ኮት ለብሰው፣ አብረን ወረድን። ዝናቡ ለጊዜው ያዝ አድርጓል፤ ገና ከሩቅ የወረዳው አጥር ሥር ሰልፍ አየሁ። ሰልፍ! ለስብሰባ! ደስታዬ ግን እየቀረብን ስንሄድ ቀዘቀዘ። ሰዉ ሁሉ መታወቂያውን በእጁ ይዟል። ብዙዎቹ ማዳበሪያ ከረጢት ይዘዋል። አንድ ሰውዬ የእጅ ጋሪ እየገፋ መጥቷል። እትዬ ጽጌ ደግሞ ገመድና አሮጌ ነጠላ ታቅፈው ፊት ላይ ቆመዋል።

«አንቺ የተባረክሽ ልጅ!» አሉኝ ጉንጬን እያገላበጡ ስመው። «እንዳይጫር ብዬ የምጠቀልልበት ይዣለሁ። በቤት ነው የሚሰጡት ወይስ በነፍስ ወከፍ?»

ፎዚያን ዞር ብዬ አየኋት። ሂጃቧን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ከጋሽ አንጁሎ ጀርባ ገባች።

አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ተንጠለጠለ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን እያስተካከሉ «እንዲህ ያለ የሕዝብ ተሳትፎ በሥራ ዘመኔ አይቼ አላውቅም» ሲሉ አሳዘኑኝ። ረቂቁን ማንበብ ጀመሩ፤ አንቀጽ አንድ፣ አንቀጽ ሁለት። ባለጋሪው ከኋላ እጁን አወጣ።

«ይቅርታ ሰብሳቢ፣ ማከፋፈሉ ከንባቡ በኋላ ነው?»

«የምን ማከፋፈል?»

«የሶላሩ ነዋ።»

«የምን ሶላር? ይሄ የረቂቅ ደንብ ውይይት ነው።»

ከኋላ ጀምሮ እንደ በረዶ ዝናብ እየጨመረ የሚመጣ ጉምጉምታ ተነሳ። «ድጋፍ ተብሎ አይደል እንዴ!» «ማነው ያለው?» «ሥራዬን ጥዬ ነው እኮ የመጣሁት!» ወንበር ተንቋቋ፣ ሰው መነሳት፣ ወደ በሩ መጋፋት ጀመረ። ጋሽ አንጁሎ ፊት ወንበር ላይ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ሰው ከወጣ እጅ የሚያወጣ የለም፣ እጅ ከሌለ ቃሉ አይለወጥም፣ ቃሉ ካልተለወጠ ያቺ ሰሌዳ ትወርዳለች። ይህን እያሰብኩ ሳላውቀው ወንበር ላይ ወጥቼ ቆሜያለሁ።

«እኔ ነኝ ያልኩት!» አልኩ። ድምፄ ቀጭን ሆኖ ወጣ። «ድጋፍ ያልኩት እኔ ነኝ። የሚሰጥ ድጋፍ ማለቴ አልነበረም። እ... እናንተ የምትሰጡት ማለቴ ነው። ሐሳቡን ደግፉ፣ እጅ አውጡ ለማለት ነው። የምንሰጣችሁ ነገር የለንም። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

«ታዲያ ጋሪዬን ለምን አስገፋሽኝ?» አለ ባለጋሪው፤ ሰው ሳቀ። ሳቁ ግን ሞቅ ያለ አልነበረም፤ የመሄጃ ሳቅ ነበር። ያን ጊዜ ነው እትዬ ጽጌ ነጠላቸውን ታቅፈው የተነሱት። የሚሰድቡኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ቆይ እስቲ ሰብሳቢ» አሉ። «እሺ አትስጡኝ። ግን አሁን ሰጣችሁኝ እንበል። ይዤው ሄድኩ። የት ነው የምሰቅለው?»

«ጣራዎት ላይ ነዋ» አሉ ሰብሳቢው።

«ቤቴ የቀበሌ ነው።»

ሰብሳቢው ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። «እንግዲህ ረቂቁ የሚለው "የቤት ባለቤት" ነው... የቀበሌ ቤት ከሆነ... መትከል አይቻልም ማለት ነው።»

«ስለዚህ ብትሰጡኝም ነጠላዬን አልብሼ አልጋዬ ላይ ላስተኛው ነበር?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ይሄኛው የመቆያ ሳቅ ነበር። በሩ ጋ የደረሱት ዞሩ። «እኛስ? እኛም የቀበሌ ነን!» «እኔ ተከራይ ነኝ፣ እኔስ?» የሚሉ ድምፆች ከየአቅጣጫው መጡ። ሶላር ለመቀበል የመጣው ሰው ሁሉ፣ ሶላር ቢያገኝም መስቀያ እንደሌለው የገባው በዚያች ቅጽበት ነው። እኔ በየበሩ ለፍልፌ ማስረዳት ያልቻልኩትን!

ከዚያ ጋሽ አንጁሎ ተነሱ። ንግግር አይወዱም። «የኔ አለች፣ ትንሽ ናት» አሉ። «የምትበላው ፀሐይ ነው፣ የማንንም አትነካም። ለበዓል የሰው ሸማ ይዣለሁ። አውርድ ካላችሁኝ አወርዳለሁ። ግን ሸማቸውን ለሚጠብቁት ሴቶች እናንተ ንገሩልኝ፤ እኔ እፈራቸዋለሁ።»

በአዳራሹ ግራ ጥግ ቀሚስ ያዘዙ ሦስት አራት ሴቶች ነበሩ መሰለኝ፤ «አይወርድም!» ብለው ጮኹ።

ሰብሳቢው «የቤት ባለቤት የሚለው ነዋሪ በሚል እንዲተካ የሚደግፉ እጃቸውን ያውጡ» ሲሉ የወጣውን እጅ አልረሳውም። መታወቂያ የያዘ እጅ፣ ከረጢት የያዘ እጅ፣ ገመድ የያዘ እጅ፣ በመስኮት ከውጭ የገባ እጅ። ያ ልጅ፣ ደንብ አስከባሪው፣ በሩ ጋ ቆሞ ነበር፤ የእሱም እጅ ትንሽ ከፍ ስትል አይቻታለሁ፤ ወዲያው ግን ኮፍያውን ያስተካከለ አስመሰለ። ሰብሳቢው የሕዝቡን ሐሳብ ወደ ላይ እንደሚያስተላልፉ፣ ደንቡ እስኪወጣም ያለው ሰሌዳ ባለበት እንደሚቆይ ተናገሩ። ከወንበሩ ወርጄ አጠገባቸው ስቀመጥ ጋሽ አንጁሎ እግሬን በእግራቸው ነካ አደረጉኝ። ያ የእሳቸው አመሰግናለሁ ነው።

ስንወጣ ዝናቡ መልሶ ያዘ። ባለጋሪው ባዶ ጋሪ ገፍቼ ዳገት አልወጣም ብሎ እትዬ ጽጌን እላዩ ላይ አስቀመጣቸው። እሳቸውም ለሶላሩ ያመጡትን ነጠላ ተከናንበው እንደ ሙሽራ እየተገፉ፣ ባገኙት ሰው ሁሉ ላይ ይጮኻሉ፦ «ድጋፍ ልቀበል ሄጄ፣ ድጋፍ ሰጥቼ መጣሁላችሁ!»

በሳምንቱ ሰፈሩ ሁሉ ይህን ይል ነበር። ሸማውም ለበዓሉ ደረሰ። ከስንት ወር ቆይታ በኋላ ደንቡ ሲወጣ እኔና ፎዚያ ያንኑ ስልክ ይዘን ያንን አንቀጽ ፈለግነው፤ «ማንኛውም ነዋሪ» ይላል። ፎዚያ ስልኩን ሳመችው። እትዬ ጽጌ በዕቁባቸው የራሳቸውን ገዝተው ሲያሰቅሉ፣ የሚሰቅለውን ልጅ «ቀስ! ድጋፌን እንዳትጥላት!» አሉት። በቃ፣ ስሙ በዚያው ቀረ።

ሰላም ይህን ሁሉ ስነግራት በቆሎዋ አልቆ ቆረቆንዳው ብቻ እጇ ላይ ቀርቷል። እኔ ደግሞ እያወራሁ የማስበው ሌላ ነገር ነበር። ያኔ ያ ሁሉ ሰው ተቆጥቶ ቢሄድ እውነት ነበረው። ሥራውን ጥሎ፣ በዝናብ ዳገት ወርዶ፣ ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው ምን ዕዳ አለበት? ግን ቆዩ፣ ሳቁብኝ፣ ይቅርም አሉኝ። ዛሬ አንድ ነገር ጽፌ ለሰው ስሰጥ የማልፈራው ለዚያ ይመስለኛል። ቃል ቢሳሳትብኝ እንኳ ተሰብስቦ የሚያቃናልኝ ሰፈር አለኝ።

«ታዲያ በመጨረሻ ድጋፉን ማን ሰጣችሁ ማለት ነው?» አለች ሰላም።

በአገጬ ወደ እትዬ ጽጌ አሳየኋት። እትዬ ጽጌ ጆሯቸው ለጉድ ነው፤ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

«እኔ? እኔ ምን አወጣሁና ልጄ!» አሉ። «ያወጣሁት እጄን ብቻ ነው።»

ከግድግዳው ማዶ፣ መብራት በሌለበት በዚያ ጠዋት፣ ጠቅ ጠቅ የሚለው ድምፅ ለአፍታ ቆመና ጋሽ አንጁሎ ሲስቁ ተሰማ። ከዚያ መወርወሪያው ቀጠለ።